የዶቃ ናይለን በላህ ወንዝ

ታላቅ ወንድሜ ጡረታ በወጡ ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ተከራይቶ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነመመሪያ መጽሐፉ ትቶላቸው ሄደ። ዘንጉን እሳቸው ወሰዱ፤ መጽሐፉን እኔ። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ፊደል ስለቆጠርኩ የታተመ ነገር፣ እንግሊዝኛም ቢሆን በመዝገበ ቃላት፣ ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። ወንድሜ ግን ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ፤ ማንበብ አያስፈልጋቸውም።

በዚህ አጠማመድ ትል የለም። መንጠቆው ላይ ከላባ የተሠራ ዝንብ አለ፤ ዝንቡን ከወፍራሙ ገመድ የሚያገናኘው ዓሣ የማያየው ቀጭን ክር ነው። ክሩ ሲያልቅ ወንድሜ «ከውጭ ካልመጣ አይሆንም» አሉ። እኔ ቡሬ ገበያ ወርጄ፣ ሴቶች ዶቃ የሚሰኩበትን ርካሽ የዓሣ ናይለን ከተረፈችው ቁራጭ ጋር እያስተያየሁ መረጥኩ።

«እትዬ፣ ዶቃ ሊሰኩ ነው ወይስ ፀጉር ሊሰነጥቁ?» አለኝ ሻጩ።

በዐቢይ ጾም፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ላህ ወንዝ ወረድን። ሦስት ጊዜ ዓሣ መንጠቆውን ያዘ፤ ሦስት ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ዓሣው ዝንቡን ይዞ ሄደ።

«አላልኩሽም? በዶቃ ክር ዓሣ አይያዝም። ማንበብሽ ይኸው ነው።»

አንዲት ዝንብ ቀረች። እሷም ከሄደች ዘንጉ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል፣ የኔም ንባብ አብሮት ሊሰቀል ነው። የተበጠሰውን ጫፍ አየሁት፤ እሳት እንደነካው ፀጉር ተጠቅልሏል። የናይለን ቋጠሮ በደረቁ ሲጠብቅ በፍትጊያ ይቃጠላል፤ መጽሐፉ በምራቅ አርሰህ አጥብቅ ይላል፤ ነግሬያቸውም ነበር።

«ጋሼ፣ በምራቅዎ አርሰው ነው ያጠበቁት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ናይለን አፌ ልክተት? ጾመኛ ነኝ እኮ።»

ዓሣ በጾም ይበላል ብለው ከግማሹ ሰፈር ጋር የተከራከሩ ሰው ናቸው።

«እንግዲያስ ውኃ ያስነኩት።»

«የምን ውኃ?»

እስከ ጉልበታቸው ወንዝ ውስጥ ቆመዋል። እግራቸውን አየሁ። ቆይተው ወደታች አዩ።

«መጽሐፉ እንዲህ ይላል?»

«አይልም። የጻፈው ሰው ጾመኛ አልነበረም።»

ቋጠሮውን ወንዙ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው አጠበቁት። አራተኛው ዓሣ ታግሎ ታግሎ ወጣ፤ ክሩ አልተበጠሰም።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጎረቤት ዓሣውን አይቶ አስቆመን። ወንድሜ በደረቁ የጠበቀ ናይለን ምን እንደሚሆን፣ ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ ሁሉ አስረዱት።

«ክሩንስ ከየት አመጡት?»

ዘንጉን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወሩ። «ከቡሬ። እሷ ናት የመረጠችው፤ አንብባ።»

ካስተማሪ አፍ ከዚህ በላይ ማርክ አይጠበቅም። ዓሣውን ተቀብያቸው መንገዴን ቀጠልኩ።