የጾመኛ ትንፋሽ

«እስቲ ሀ በይ፤ መጾምሽን ላሽትት» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ልጅ ሳለሁ በረመዳን። ተምር ሰርቄ ከበላሁ በትንፋሼ ታውቅብኛለች።

ዘንድሮ በረመዳን ልጄን ላሳክም ከዚራ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። አሳክሜው ስንወጣ በር ላይ አንድ ወጣት ሰውን በትንፋሹ ሽታ የሚለይ ማሽን ይሞክራል። ጾመኛ ነኝ ስለው «ምንም አይደል፣ ተንፍሺበት» አለኝ። በጾም አፌ እያፈርኩ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ስክሪኑ ላይ የእናቴ ስም ወጣ።

«አቦ፣ ተሳሳተ» አለ ወጣቱ። «አምና በጾም መጥተው የተነፈሱበት እናት ናቸው።»

«እናቴ ናት። ከዒድ በኋላ አረፈች» አልኩት።

ደነገጠ። «አይዞሽ እህቴ። አንዴ ድገሚልኝና ያንቺን ላስተምረው፤ ሁለተኛ በሳቸው ስም አይጠራሽም።»

ሳልደግምለት አፌን በሻሼ ሸፍኜ፣ የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ።