ደህናው ጆሮዬ ትራስ ላይ

ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ከጨለለቂ የመጣችው የባለቤቴ እህት፣ ጎረቤቴ፣ እና የጎረቤቴ ልጅ። ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ ወገብ የታመመ ሰው የሚያንቀሳቅሱበት ክፍል ትሠራለች። የእኔዋ ልጅ ብቻ አልነበረችም። እሷ አንገር ጉቲን አካባቢ ታስተምራለች። እሁድ እሁድ ትደውልልኝ ነበር፤ ሳትደውል ያ ሦስተኛው እሁድ ነበር።

የተሰበሰቡት ለእኔ ሕመም ነው። ከቀኝ ዳሌዬ ተነሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። ልጅቷ በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ ጠየቀችኝ፤ በቀኝ አልኳት። በሚያምዎት ጎን ለምን ይተኛሉ ስትለኝ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነቱ ሌላ ነው። ቀኝ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ቆይቷል። በቀኝ ስተኛ ደህናው ግራ ጆሮዬ ወደ ላይ ይሆናል፣ ስልክ ቢጮህ እሰማለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወገቧ አልበቃ ብሎ ጆሮዋም ሄደ እንዲሉኝ አልፈለግሁም።

ልጅቷ በግራ ጎኔ አስተኛችኝ። ጉልበቴን አጠፍ አድርጋ በመካከል ትራስ ከተተች፤ ትራሱ ቢሳሳባት ጋቢ ጨመረችበት። የባለቤቴ እህት ቆማ እያየች፣ ወንድሜ ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተኝቶ አንድ ቀን ትራስ አላቀበላትም አለች። እሱም፣ መች ተኝታ ታውቃለች፣ እንደ ቂጣ ስትገላበጥ ነው የሚነጋው ብሎ መለሰላት። ሳቅን። ስስቅ ዳሌዬን አልወጋኝም።

«አሁንስ፣ አዴ?» አለችኝ ልጅቷ፤ አዴ የምትለኝ እንደ እናት ቆጥራ ነው።

«ጠፋ» አልኳት።

ትንሽ እንዲሁ ይቆዩ አለችኝ። ስልኩን ትራሴ ጫፍ ላይ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። እነሱም ደስ ብሏቸው፣ እንዳልነቃ ድምፃቸውን አጥፍተው ግቢ ወጡ፤ በሩንም ዘጉልኝ።

ስነቃ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳለች። ስልኩን ባየው ከማላውቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደውሏል። መልሼ ብደውል ዝግ ነው። እንደገና ብሞክር ያው ነው። ባለቤቴ ገብቶ፣ ራስሽ አጠገብ ሲጮህ እንዴት አልሰማሽም አለኝ። ያኔ ስለ ጆሮዬ ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለእኔ እንኳ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን የሚይዘው እሱ ነው። አንቺ ተኚ፣ እኔ እሰማልሻለሁ ይለኛል፤ ግን ቀድሞኝ የሚያንኮራፋው እሱ ነው። ልጅቷ ሌላም አሳይታኛለች፤ በጀርባ ተኝቶ ትራሱን ከጉልበት ሥር ማድረግ። እንዲያ ስሆን ጆሮዬ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ወገቤ ጥቂት ቆይቶ እንጨት ይሆናል። ወደ ግራ እዞራለሁ፤ ሕመሙ ቀለል ሲለኝ ስልኩ የጮኸ እየመሰለኝ ራሴን ከትራሱ አነሣለሁ። መልሼ በቀኝ። ስልኩን ከባለቤቴ እጅ ወስጄ አየዋለሁ፣ መልሼ አስይዘዋለሁ።

ቁጥሩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። መናኸሪያ ሄጄ ሹፌሮቹን ጠይቄያለሁ፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ኔትወርክ ግን የለም ይላሉ። ልጄ ረጅም ናት፣ ጠይም፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። በአንገር ጉቲን በኩል ያለፋችሁ፣ አይታችኋት ከሆነ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።