ለግራ እጄ የዞረው ማውስ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት የገና ዕለት፣ እዚሁ ሞላሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሰምቼ ረስቻለሁ፤ ይቺ ግን ከልቤ አልወጣ አለች። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ትዝ ስትለኝ እስቃለሁ። ባለቤቴም "ደግሞ ምን አየህ?" ትለኛለች።

በእኛ አገር የገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰው ሜዳ ወጥቶ በዱላ ሩር ሲመታ ይውላል፤ ሩር ከእንጨት የተጠረበች የገና ኳስ ናት። በዚያን ቀን ስድብ ይፈቀዳል። ልጅ እግሩ ሽማግሌውን "አንተ" ብሎ በግጥም ቢሞልጨው የሚቆጣ የለም። ታዲያ የሚሰደበው የሚጫወት ሰው ብቻ ነው። እኔ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ጀምሮ የበግ ጠጉር ባናዬን ደርቤ ዳር እቀመጣለሁ። የሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ ብሎ "እንኳን አደረሰዎ አባባ" ይለኛል። ክብር ነው፣ አልጠላሁትም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በገና ቀን መከበር ይከፋል። ከጨዋታው ወጥተሃል ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ሁለቱ ሰፈሮች እኩል ለእኩል እንደሆኑ አንድ ጎረምሳ ሩሯን ቢለጋት ገደል ገባች። ሌላ ሩር የያዘ ሰው አልነበረም። ንፋሱ ደግሞ ፊት ይልጣል። "እኛ ነን ያሸነፍነው"፣ "የለም እኛ ነን" እየተባባሉ ሁሉም ሜዳው ዳር ካለችው ጌም ቤት ተጠለሉ። እኔም ብርዱ አባሮ ከነሱ ጋር አስገባኝ።

የጌም ቤቷ ባለቤት እመቤት የምትባል ልጅ ናት። ከዓለም ከተማ መጥታ ሱቁን ከከፈተች ብዙም አልቆየችም፤ እኔ ያን ቀን ነው ያየኋት። ከኮምፒውተሮቹ በሁለቱ ላይ ግንብ ላይ የተደረደሩ ጠርሙሶች ይታያሉ። ጨዋታው አነጣጥሮ እነሱን መምታት ነው።

ከላይ ሰፈር ልጆች አንዱ "ሽማግሎቻችን ይተኩሱና ይለይልን!" አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እነሱ ተፈራን ጎትተው አስቀመጡ። ተፈራ እኩያዬ ነው፤ በልጅነታችን በገና ዱላ ቅልጥሜን ብሎኛል፣ እኔም እዳውን አላስቀረሁም። የእኛ የታች ሰፈር ልጆች ደግሞ ዞረው እኔን አዩኝ።

"አባባ፣ ይችላሉ?"

"እችላለሁ" አልኩ። ምኑን እንደምችል ግን አላውቅም።

መጀመሪያ ለመሞከሪያ ተሰጠን። ማውሱን በቀኝ እጄ ያዝኩት። እመቤት "ይችን ሲያንቀሳቅሷት ያቺ የመስቀል ምልክት ትሄዳለች። ጠርሙሱ ላይ ስትደርስ ይጫኑ" አለችኝ። እኔ ነካ ሳደርጋት ምልክቷ ሰማይ ወጣች፤ ልመልሳት ብል መሬት ገባች። ቀኝ እጄ ደግሞ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ጠርሙስ አልመታሁም፤ ግንቡን ግን ወቃሁት።

ተፈራ "ተው አንተ፣ ግንቡ ምን በደለህ!" አለኝ።

የእኛ ልጆች ፊታቸው ጠቆረ። አንዱ በሹክሹክታ "ሌላ ሽማግሌ እንፈልግ" ሲል ሰማሁት። እንደገና ዳር ልቀመጥ ነው ብዬ ከወንበሩ ልነሳ ስል እመቤት ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

"አባባ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ? ሲገቡ ከዘራዎን በግራ ይዘው ነበር።"

"ነኝ ልጄ። ይሄ ግን ለቀኝ የተሠራ መስሎኝ ነው።"

ምን ላድርግ፣ ሁሉም ነገር ለቀኝ ነው የተሠራው። ማጭዱም መቀሱም። ልጅ ሆኜ የኔታ በቀኝህ ጻፍ ብለው ግራ እጄን በመቀነት አስረውብኝ፣ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው።

"ይሄስ ይዞራል" አለችና ማውሱን አንስታ በግራዬ በኩል አስቀመጠችው። ሴቲንግ የሚሉት ውስጥ ገብታ የግራና የቀኙን ቁልፍ አቀያየረች። ቀጥላ ፍጥነቱን ቀነሰችው። "እጅ ፈጠን ሲል ምልክቷን አብዝታ የምታስሮጥ ነገር አለች፤ እሷንም አጠፋኋት። አሁን እጅዎ የሄደውን ያህል ብቻ ነው የምትሄደው።"

በግራዬ ያዝኩት። ምልክቷ እንደ ደህና በሬ ቀስ ብላ ሄደች። ጠርሙሱ ላይ ቆመች። ተጫንኩ። ጠርሙሱ ተበተነ! ደገምኩ፣ ያኛውም ተበተነ።

"በሕግ አምላክ!" ብሎ ተፈራ ተነሳ። "ማውሱን ቀየረችለት!"

ቤቱ ተናጋ። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያፏጫል። እኔ ጸጥ እስኪል ጠበቅሁና "ተፈራ፣ የገና ዱላህን ስትቆርጥ ለማን እጅ ለክተህ ነው የምትቆርጠው?" አልኩት። እያጉረመረመ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሲቀመጥ አየሁት፤ ዓይኑን አጥብቦ፣ አፍንጫው የኮምፒውተሩን መስታወት ሊነካ ደርሷል። ዓይኑ እንደደከመ አውቃለሁ።

"እመቤት፣ ለሱም እንደሚሆነው አድርጊለት" አልኳት።

"አባባ ምን ነካዎት!" አሉ የእኛ ልጆች።

እሷ ግን ምልክቷን አተለቀችለት። የመቁጠሪያ መስቀል የምታህለው ምልክት በታቦት ፊት የሚያዘውን ትልቁን የመጾር መስቀል አከለች፤ ቀይም ቀባችው። ተፈራ "አሁን ዓይኔ በራ!" ብሎ እጁን አሻሸ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ አሥር አሥር ጥይት፣ በየተራ። እሱ ይመታል፣ እኔ እመታለሁ። እሱ ይስታል፣ እኔ እስታለሁ። የመጨረሻውን መታ። እኔም ከመታሁ እኩል ነን፤ ከሳትኩ ቀኑ የላይ ሰፈር ነው። ምልክቷን ጠርሙሱ አንገት ላይ አሳረፍኳት። ይሄኔ ከኋላዬ አንድ የላይ ሰፈር ጎረምሳ ግጥሙን ለቀቀው፦

"የታች ሰፈር ተኳሽ ምነው ተንቀጠቀጠ፣
ጠርሙሱ ቆሞለት እሱ ተገለበጠ!"

ሳቄ አመለጠኝ። እጄም አብራ አመለጠች። ጥይቷ ሰማይ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ተፈራን ተሸክመው ወጡ። እሱም ከላያቸው ሆኖ "አንተ ግንብ ወቂ!" ይለኛል። ቅድም ጎንበስ ብለው ያለፉኝ ልጆች "አንተ!" እያሉ እስከ ቤቴ በር በግጥም ሸኙኝ። የእኛዎቹም "አንተ ሽማግሌ፣ ሳቅህን ቤትህ ብትስቅ ምን ነበረበት!" አሉኝ። እኔም እንደ አቅሜ መለስኩላቸው፤ ድምፄ ተዘግቶ ነው የገባሁት።

በማግስቱ ሁሉም ወደ "እርስዎ" ተመለሱ። እመቤትን ሳያት እመርቃታለሁ። ያቺን ጥይት መሳቴ ግን ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። መቆጨቴም ደስ ይለኛል፤ ዳር ለተቀመጠ ሰው ምን የሚቆጭ ነገር አለ?