ዘንጉን ሞራ የቀባው ማነው?

ማሽኑን የሠራሁት ከተጣሉ ፕሪንተሮች ሞተር፣ ከአሮጌ አልጋ ብረትና ከብዙ እልህ ነው። ኮምፒዩተር ላይ የሳልኩትን ቅርጽ እንጨት ላይ ራሱ ይቀርጻል፤ ደስ ሲለው። ያቆምኩት ሮቤ፣ በአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው፤ ብርሃን በሚገባበት ብቸኛ መስኮት ሥር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዝ የያዙት እዚያች መስኮት ሥር ነበር። ሲለቁልኝ መጋዛቸውን አንስተው ወደ ጨለማው ጥግ ወሰዱት።

አንድ የጊኒር ነጋዴ ለሴት ልጃቸው ሰርግ የአልጋ ራስጌ አዘዙን፤ መሃሉ ላይ የተጠላለፉ ክቦች ያሉበት። አባቴ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝና ሐሙስ ነጋዴው ሲመጡ ካላማረ ማሽኑ ከመስኮቱ እንደሚነሳ ነገሩኝ።

ሰኞ ጠዋት ቁራጭ ጣውላ ላይ ሞከርኩት። ክቡ ዞሮ መነሻው ላይ መግጠም ሲገባው አንድ ጣት ያህል ስቶ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ስሞክረው ልክክ አለ፤ ብቻዬን ዘፈንኩ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ እንደገና ሳተ። ጠዋት ጠዋት የሚሰክር ማሽን መሥራቴ ነው አልኩ። ቦሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ገመዶቹን ፈትቼ መልሼ አሰርኩ፣ ኮምፒዩተሩን ሰደብኩ። ጎባ ላለችው የኮሌጅ ጓደኛዬ ብደውልላት ሳቀችብኝና ሞተሩ ከብዶት እርምጃ እየዘለለ መሆኑን ነገረችኝ። አንድ የሚይዘው ነገር አለና እሱን ፈልጊ አለችኝ።

በዚያ ቤት ማሽኔን የሚወድ አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ የጎረቤት ድመት። ጠዋት ስገባ ሁልጊዜ እላዩ ላይ ነው የማገኛት። ረቡዕ ግን ከማባረሬ በፊት ልብ ብዬ አየኋት። መቅረጫውን የሚጎትተውን ረጅም ጥርሳም ዘንግ ትልሳለች። በጣቴ ነካሁት፤ ነጭ ነገር ተጣበቀብኝ። አሸተትኩት። የበግ ሞራ።

የማን እንደሆነ አልጠፋኝም። አባቴ ከእኔ ቀድመው ይገቡና መጋዛቸው እንዲሸራተት በወተት ጣሳ የያዙትን ሞራ ይቀቡታል። የሮቤ ብርድ ደግሞ ሞራን እንደ ሻማ ያደርቀዋል፤ ሰጋቱራ ሲጨመርበትማ ሊጥ ይሆናል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው ነው የሚለቀው። ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ ይህን የቀቡት እርስዎ ነዎት?»

መላጊያቸውን አላቆሙም። «ሲጢጥ ሲል ሰምቼ አሳዘነኝ» አሉ። «ብረትም እኮ ይደክመዋል።»

ልጮህ የከፈትኩት አፌ ሳቅ አወጣ። እሳቸው ጥፋታቸውን ስነግራቸው እንደ ልጅ አፈሩ፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በላምባ አብረን አጠብነው፤ ጨርቁን የያዙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ የእናቴን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለምኜ አመጣሁና በስሱ ቀባሁት።

ሐሙስ ማለዳ፣ ትንፋሻችን እየጨሰ፣ ራስጌውን አስገባሁ። የመጀመሪያው ክብ ዞሮ ገጠመ። አባቴ መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈለጉት፤ አጡት። «ቶሌ» አሉ፤ መልካም ማለታቸው ነው። ኦሮምኛው የሚመጣባቸው ልባቸው ሲሞላ ነው።

ነጋዴው መጥተው ራስጌውን ሲያዩ ማሻ አላህ ብለው የማን እጅ እንደሆነ ጠየቁ።

«የሦስታችን» አሉ አባቴ፣ በአገጫቸው መስኮቱ ሥር ወዳለው ማሽን እያሳዩ።

አርብ ጠዋት ስገባ አባቴ የስፌት ዘይቱን ይዘው ዘንጉ ላይ አጎንብሰዋል። ድመቷ በሩ ላይ አኩርፋ ተቀምጣለች። ቀና ሳይሉ ስንት ጠብታ እንደሚበቃ ጠየቁኝ።