ቤት የለሽም የሚል ወረቀት

ቤት አለኝ ለማለት ካርታ ማሳየት ይበቃል። ቤት የለኝም ለማለት ግን አገር መዞር፣ ሽማግሌ ማስቆም፣ ማኅተም መለመን ያስፈልጋል። ይህን የተማርኩት በእናቴ ጉዳይ ወልቂጤ የቀበሌ ደጅ ስጠና ነው። የሌለኝን ነገር እንደሌለኝ በምን እንደማሳይ ስጠይቅ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ትከሻቸውን ሰብቀው ወደሚቀጥለው በር ይመሩኝ ነበር።

እናቴና እኔ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ ለረጅም ዘመን በኪራይ ኖረናል። አባቴ ያረፈው እዚያ ነው። እኔ ጓሮው ላይ በተለጠፈችው የቆርቆሮ ክፍል የተማሪ ደንብ ልብስ እሰፋለሁ፤ እናቴ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ቆጮ ትነግድ ነበር። አከራያችን ደግ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት፤ የገዛው ሰውዬ ፎቅ ሊሠራበት አስቦ ልቀቁ አለን። አልፈርድበትም። ፎቅ መሥራት ለሚችል ሰው የጭቃ ቤት ምን ያደርግለታል?

ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ጉብሬ ድረስ በባጃጅ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ክፍሉ ሁሉ የተማሪና የመምህር ነው። ወልቂጤ ውስጥ ግን የሚከራይ ክፍል አላጣሁም። ያጣሁት እናቴን የሚቀበል ሰው ነው። አከራዮቹ መጀመሪያ ፈገግ ብለው "ስንት ናችሁ?" ይላሉ። "እኔና እናቴ" ስላቸው ዕድሜዋን ይጠይቃሉ። ከዚያ ክፍሉ ድንገት ለዘመድ የተያዘ ይሆናል። እውነቱን የነገረችኝ አንዷ ብቻ ናት። "እህቴ፣ አትቀየሚኝ" አለች። "ትልቅ ሰው ናቸው፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳኑ እዚህ ግቢ ሊተከል ነው። ለቀስተኛው እዚህ ሊያድር ነው። ሌሎቹ ተከራዮች ይሸሹብኛል።"

እናቴን ያን ጊዜ ከጉልበቷ በስተቀር ምንም አያማትም ነበር። በቁሟ እያለች የገዛ ለቅሶዋ ቤት ከለከላት። የተባልኩትን ስነግራት አልተቆጣችም፤ "እውነቷን ነው" ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ግን ቂመኛ ነኝ፤ እስከ ዛሬ በዚያች ሴትዮ በር ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያን ዕለት ማታ ነው የምትፈልገውን የነገረችኝ። ሰፊ ቤት አልጠየቀችም። "ተነሺ የማይሉኝ ቦታ ብቻ" አለች። "ስሞት ሬሳዬ ከሰው ግቢ በልመና እንዳይወጣ።" እናቴ ስለ ራሷ ፍላጎት ስትናገር እምብዛም ሰምቼ ስለማላውቅ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከደንበኞቼ አንዷ፣ ከሰሜን ተመድባ መጥታ እዚሁ የከረመች መምህርት፣ ቀበሌው ቤትና ገቢ ለሌላቸው አረጋውያን በትንሽ ኪራይ የሚሰጣቸው ቤቶች እንዳሉ ነገረችኝ። ቤቶቹ የሚለቀቁት ነዋሪው ሲሞት ነው። እንግዲህ እኔም የማላውቀው ሰው እስኪሞት ልጠብቅ ነው ማለት ነው። ቢሆንም ሄድኩ። ማኅበራዊ ጉዳይ ወደ ቤቶች ክፍል ላከኝ፤ ቤቶች ክፍል ወደ ሊቀመንበሩ ላከኝ፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። "ነገ ተመለሺ" ይሉኛል። በዚያ ቢሮ ነገ የሚባለው ቀን ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ቤቶች ክፍል ውስጥ አንድ ትሑት ወጣት አገኘሁ። እናቴን ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣት።

"እማማ፣ የት ነው የተወለዱት?"

"ቸሃ።"

"እዚያ ቤትና እንሰት የለዎትም?"

እናቴ ጥያቄው አሳቃት። "ልጄ፣ ሴት ነኝ እኮ" አለችው።

እሱም የዚያው አገር ልጅ ስለነበር ገባው። ሕጉ ሴትም ትወርሳለች ይላል። ወንድሟን ስለ እንሰት የከሰሰች የቸሃ ሴት ግን እስካሁን አላጋጠመችኝም። ልጅቷ አግብታ ትሄዳለች፤ ጓሮው ለወንዶቹ ይቀራል። "አውቃለሁ" አለ ወጣቱ። "ግን ከትውልድ ቀበሌያቸው፣ በስማቸው ቤትም መሬትም እንደሌላቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልገናል። ቤተሰብና ሽማግሌ መስክረው ይጽፉልሻል። አሁን የተለቀቀ ቤት ስላለ ቶሎ በይ፤ ይሄ ቀላል ነው።" ቀላል ነው ሲለኝ አመንኩት።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ቸሃ ሄድን። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ጀፎረ በምንለው በሰፊው የመንደር የሣር መንገድ ዳር፣ ከአጥሩ ፊት ቆሞ ጠበቀን። ያን ቀን ስለ ወረቀት አፋችንን እንድንከፍት ዕድል አልሰጠንም። በግ ታረደ፣ ቅቤ ወጣ፣ ጎረቤት ተጠራ። እናቴን ከምሰሶው አጠገብ፣ የክብር እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል አስቀመጧት። ጉዳዩን የነገርኩት ከራት በኋላ ነው። እስክጨርስ አዳመጠኝና "እሺ ልጄ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን" አለ። እኔ ሞኟ እሺታውን ለምስክርነት ወሰድኩት።

በማግስቱ የገጠር ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። አጎቴ በዱላው ተደግፎ ተነሳና በቸሃኛ ተናገረ፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

"እኔ በሕይወት ቆሜ፣ እህቴ ቤት የላትም የሚል ወረቀት ከዚህ አገር አይወጣም። አባታችን የሠራው ቤት ያ ነው፤ የእኔ ከሆነ የእሷም ነው። እህቱ ቤት አጥታ መንግሥት አስጠጋት ከተባልኩ በዚህ ጀፎረ ላይ በየትኛው ፊቴ ነው የምሄደው?"

ሽማግሌዎቹ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከደነ። "ወንድሟ አላት ካለ እኔ የላትም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?" አለኝ። እሱም አልተሳሳተም።

"ጋሼ፣ ወረቀት ብቻ እኮ ነው" አልኩት አጎቴን።

"ወረቀት ብቻ ከሆነ ሽማግሌ ለምን ተጠራ?" አለኝ።

እናቴን አየሁ፤ ትረዳኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጉልበቷን ረስታ ቀጥ ብላ ቆማለች። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። በሕዝብ ፊት ቤት አለሽ ተብላለች። እኔ ደግሞ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ ምክንያቱም እሷ ወንድሟ በቃል በሰጣት ቤት ገብታ ስትቀመጥ፣ እኔ ወልቂጤ ያለው እውነተኛው ቤት ሲያመልጣት እያየሁ ነበር። ቆጮና ቅቤ አሸክመው ሸኙን። መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም፤ እሷ ግን በመስኮቱ እንሰቱን እያየች ቆጮ ስትነግድ የምታንጎራጉረውን ታንጎራጉር ነበር።

ወጣቱ የቢሮ ሠራተኛ ባዶ እጄን ሲያየኝ አዘነ። ሳንቲም ሳይጠይቀኝ የገጠሩ ቀበሌ ድረስ ስልክ ደውሎ ሊለምንልኝ ሞከረ። ያው መልስ ነው። ቤቱ በቤተክርስቲያን በር ያድሩ ለነበሩ ዓይነ ስውር አባት ተሰጠ። ለእሳቸው ይገባል፤ አልከፋኝም ብል ግን እዋሻለሁ።

ጭቃ ቤቱ ሊፈርስ ሲል አጎቴ ራሱ ወልቂጤ ወርዶ እህቱን ወሰዳት። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። እኔ "ብቻዬን ነኝ" ብዬ አንዲት ክፍል አገኘሁ፤ ለብቸኛ ሴት ክፍል ሞልቷል።

ሰው "እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው" ይላል። አጎቴ እህቱን እስከ መጨረሻው ወርቅ አድርጎ አኖራት። ላያት በሄድኩ ቁጥር ከምሰሶው አጠገብ አገኛታለሁ። መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሷ ነው። ችግሩም ይኸው ክብር ነበር። ሴቶቹ እንሰት ሲፍቁ ልትረዳ ብትነሳ መፋቂያውን ከእጇ ይወስዱባታል፤ "እርስዎ ቁጭ ይበሉ" ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ቆጮ ስትሸጥ የኖረች ሴት በተወለደችበት ጓሮ እንሰት እንዳትነካ ተከበረች። አንድ ጊዜ ጀፎረው ላይ ስትሸኘኝ "እጄ ሥራ ፈታ" አለችኝ። ቢሆንም ደስተኛ ነበረች። ወንድሟ ጠዋት ጠዋት መጥቶ "እንዴት አደርሽ በቤትሽ?" ይላታል፤ እሷም ትስቃለች።

አጎቴ በሁለተኛው ዓመት አረፈ። ልጆቹ ከአዲስ አበባ መጡ፣ አገር ምድሩ አለቀሰ። እናቴ ፊቷን ነጭታ አነባች። ከለቅሶው በኋላ ማንም ሂጂልን አላላትም፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ታላቁ ልጅ የድሮውን ቤት አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ እንዳሰበ ብቻ ተናገረ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እናቴ የምትቀመጥበት ቦታ ቀስ በቀስ ከምሰሶው እየራቀ ወደ በሩ ቀረበ። አንድ ቀን መፋቂያውን ስታነሳ ማንም አልቀማትም። ያን ዕለት ደወለችልኝ። "ነይና ውሰጂኝ" አለች።

ስሄድ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎራ አልኩ። ሊቀመንበሩ ያው ሰው ነው። ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ ነበሩ። ማንም አልተከራከረም። "በስማቸው የተመዘገበ ቤትም ሆነ መሬት የሌላቸው መሆኑን እንገልጻለን" ተብሎ ተጻፈና ማኅተሙ አረፈበት። አንደኛው ሽማግሌ ሲፈርሙ ቀና ብለው አላዩኝም። "ያኔ ወንድሟ በሕይወት ነበር፣ ልጄ" አሉ። ያ ሁሉ ደጅ ጥናት ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴን ወደ ክፍሌ አመጣኋት። አከራዬ ስትጠይቀኝ "እንግዳ ናት" አልኳት። ከዚያ ቤቶች ክፍል ሄድኩ። ያ ወጣት አሁንም አለ፤ የአንድ አረጋዊት ቤት ስለተለቀቀ ማስረጃ ያለው በዚያው ሳምንት እንዲያስገባ ነገረኝ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ቤቱን ለመጠየቅ በሚገባው ማመልከቻ ላይም የጣቷ አሻራ ማረፍ ነበረበት። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"እነዚያን ሽማግሌዎች አስፈረምሻቸው?" አለች።

"አዎ።"

"ወንድሜ ቆሞ የተናገረውን ሲሰሙ ነበር እኮ።"

"እማዬ፣ ጋሼ ሞቷል። አይሰማም።"

"እኔ እሰማለሁ" አለች። "ወንድሜ ሲሞት ያለቀስኩት በቤቴ ነው። ለቀስተኛው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ወረቀት በሰው ቤት ነው ያለቀስሽው ይለኛል። ጣቴን አላስነካም።"

ለመንኳት። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ አለቀስኩ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ እኔም ነገርኳት። "አንቺ ትክክል ነሽ" አለች፤ ጣቷን ግን አልሰጠችኝም። ሳምንቱ አለፈ፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አሁን አብረን በዚችው ክፍል አለን። ትናንት ከገበያ ስመለስ አከራዬ ደጃፉ ላይ ከእናቴ ጋር ቆማ አገኘኋት። መቼ እንደምትሄድ እየጠየቀቻት ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። "ልጄን ላያት ብዬ ነው የመጣሁት" ትላታለች። "ቤቴ ቸሃ ነው።"