ጋሽ ዱቄት ያልሰማው ፉጨት

የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ስለሚውል የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ጋሽ ዱቄት ይለዋል። ዕድሜው ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ አብዛኛውን የጨረሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በሞተሩና ድንጋዩን በሚያዞረው ቺንጋ መካከል ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ከሰው ለመነጋገር ጆሮ ሥር መጮኽ አለበት። ጋሽ ዱቄት ግን እዚያው ጩኸቱ መሐል፣ ጆንያ ተደግፎ ይተኛል።

«ጋሽ ዱቄት! ኧረ ጋሽ ዱቄት!» ቢሉት ወይ ፍንክች። ይሁን እንጂ ከላይ የሚፈሰው እህል ሊያልቅ ሲል የድንጋዩ ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል፤ ሌላ ሰው ልብ የማይለው ለውጥ ነው። ያን ጊዜ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ ይልና፣ ድንጋይ ከድንጋይ ተፋጭቶ ሳይበላሽ ሞተሩን ያጠፋል። «እርስዎ እኮ የሚተኙት በአንድ ጆሮ ነው!» እያሉ ደንበኞች ይስቃሉ። እሱም በጆሮው ይኮራል። ሌላ ምን የሚኮራበት አለው?

ቤት ሲገባ ጉልበት አይተርፈውም። ሚስቱም ብትሆን ልጅ አሳድጋ ድራ፣ ያንን የማያልቅ ዱቄት ከልብሱ ስታራግፍ የኖረች ሴት ናት። «ደከመኝ» ትለዋለች። «ማን ያልደከመው አለ?» ይላታል። ክፋት ኖሮት አይደለም። ሁለት የደከሙ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ብዙም አይነጋገሩም። ውኃ ስትቀዳ መንገድ ላይ ባልዲዋን አስቀምጣ ማረፍ ከጀመረች ቆይታለች፤ እሱ ግን የዕድሜ ነገር ነው ብሎ አልፎታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ከተማ የተዳረችው ልጃቸው ከዓመት በላይ ቆይታ መጣች። ደጃፉ ላይ እናቷን እንዳቀፈች ፊቷ ልውጥ አለ።

«እማዬ፣ ደረትሽ ውስጥ የሚያፏጨው ምንድን ነው?»

«ምን ያፏጫል? ደክሞኝ ነው።»

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አትሰማም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ትንፋሿን ነዋ!»

ጋሽ ዱቄት ጆሮውን አዘነበለ። ሚስቱ ትተነፍሳለች፣ እንደ ሁልጊዜው። «ይህማ ትንፋሿ ነው» አለ። አልዋሸም፤ ከዚያ ሌላ የሰማው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሟ ደረቷን ደጋግማ አዳመጠችና፣ «የልብ ድካም ነው፤ ሳንባዋም ውኃ ይዟል» አለች። «ዘግይታችኋል። መድኃኒቱ ከሠራላት ጥሩ፤ ካልሠራ ግን...» አልጨረሰችውም።

ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የድንጋይ ድምፅ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል፤ እናቴ አጠገብህ ስታፏጭ ግን አልሰማህም!» አለችው። ጋሽ ዱቄት በሆዱ ተቀየመ፤ እሱን የሚያመልጥ ድምፅ ያለ አልመሰለውም። ለካ ደንበኞቹ ሁሉ «የጋሽ ዱቄት ሚስት ትንፋሽ አጥሯት የለም ወይ?» ሲባባሉ ነው የከረሙት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ለእሱ የነገረው አልነበረም።

ሐኪሟ የልጅቱን ለቅሶ ሰምታ ጠጋ አለች። «አይፈረድባቸውም» አለቻት። «የሰው አእምሮ እንደ በር ዘበኛ ነው። ሁልጊዜ የሚገባ የሚወጣውን አያስቆምም፤ ፀጉረ ልውጥ ሲያይ ነው የሚነሣው። አንቺ ድንገት መጥተሽ ሰማሽው። እሳቸው ጋ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ነው የገባው።» ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለበሽታም ይሠራል ማለት ነው። ጋሽ ዱቄት ራሱን ነቀነቀ እንጂ አላመነም።

ሚስቱ እዚያው ሆስፒታል ተኛች፤ እሱም ወፍጮ ቤቱን ለሌላ ሰው ትቶ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ይውል ጀመር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለው። ጋሪ ይንኳኳል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዱም አልቀሰቀሰውም።

ድንገት ብድግ አለ። ልክ እህል ሊያልቅ ሲል እንደሚነሣው ነው። ምን እንደጠፋ አያውቅም፤ የሆነ ነገር እንደቆመ ግን መላ አካላቱ ነግሮታል። ወደ አልጋው ቢያይ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ጋደም ብላለች፤ ድምፅ የለም።

«ሞተችብኝ! ኧረ ሰው ድረሱልኝ!» ብሎ እጇን ያዘ።

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ገና አሁን ደህና እንቅልፍ ቢወስደኝ!»

ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ትንፋሿ ይገባል፣ ይወጣል፤ ኮሽታ የለውም። ያኔ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ ገባው። ያ ፉጨት ዓመት ሙሉ ከራስጌው ሳይለይ ኖሯል፤ እሱ የሰማው ገና ዛሬ፣ ሲጠፋ ነው። ልጁ ከኮሪደር እየሮጠች ስትገባ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር።

«ያፏጭ ነበር ልጄ» አላት። «እውነትሽን ነው፣ ያፏጭ ነበር።»

ልጅቱ ትከሻውን አቀፈችው። ሚስቱ ሁለቱንም አየት አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። «በሉ ተዉኝ ልተኛበት» አለች፤ «ደክሞኛል።»

የለመደው መልስ አፉ ላይ መጣ። ዋጠው።

«ተኚ» አላት ወንበሩን ወደ አልጋዋ እያስጠጋ። «እየሰማሁሽ ነው።»