ያደረ መርዶ

ሰፈራችን ውስጥ ሽታዬ የሚባሉ ሦስት ሴቶች አሉ፤ አንዷ የወንጂዋ ሽታዬ፣ አንዷ የባለወፍጮው ሚስት፣ ሦስተኛዋ ሽታዬ ኩባ። የማወራችሁ ስለ ሦስተኛዋ ነው። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቷ ነኝ፤ የምናመልከውም እዚሁ አዳማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከስሟ ልጀምር።

አባቷ ወታደር ነበር፤ በሶማሊያው ጦርነት ሞተ። በደርግ ጊዜ አባቶቻቸው የሞቱባቸው ልጆች ለትምህርት ኩባ ሲላኩ እሷም በዘጠኝ ዓመቷ በመርከብ ሄደች። አሥር ዓመት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ሳትወጣ የላቦራቶሪ ሙያ ተምራ፣ ስፓኒሹን እንደ ውሃ ጠጥታ ተመለሰች። አዳማ ላይ ስፓኒሽ ምን ይሠራል? መቀለጃ ሆነ እንጂ ለሌላ አልበጃትም። ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ ክሊኒክ የሰው ደም ስትመረምር ኖረች፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ስትቆጥር ግን እስከ ዛሬ በስፓኒሽ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ በአማርኛ ስቆጥር ይጠፋብኛል አለችኝ።

ሽታዬ ሌላም ሙያ አላት። ሰፈር ውስጥ መርዶ ሲመጣ የምትጠራው እሷ ናት። ዘመድ ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው፤ ለባለቤቱ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ማታ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሽታዬ ማታ ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ እያጫወተች ታበላለች፤ ሰውየው ተኝቶ እንዲያድር ታደርጋለች። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹን አስከትላ፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ነጠላዋ ሥር ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። እኔም ስንት ጊዜ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እሷ ባለችበት መርዶ ሰምቶ ወድቆ የቀረ ሰው የለም፤ በዚህም እንኮራባት ነበር።

ባለፈው ዓመት መጋቢያችን ቀልቤሳ ናይሮቢ ለስብሰባ ሄዶ ኦስካር ከሚባል የሆንዱራስ ፓስተር ጋር ተዋወቀ። ኦስካርም ሦስት ሳምንት የሚያገለግል ቡድን ላኩልን አለ። ቤተ ክርስቲያናችን በደስታ ተንጫጫች። እስካሁን ሚሲዮን ሲባል የምናውቀው ፈረንጅ ወደኛ ሲመጣ እንጂ እኛ ወደ ሌላው ስንሄድ አልነበረም። መጋቢው ሊሰብክ፣ ማስረሻ የሚባል ወጣት ሊዘምር፣ ሽታዬ ልታስተረጉም፣ ሦስት ሰው ተላከ። ሽታዬ በሃምሳ አምስት ዓመቷ ለስፓኒሿ ሥራ አገኘችለት።

የሄዱባት ከተማ ዙሪያዋን ሸንኮራ ነው። ወንጂ የወረድኩ መሰለኝ ትላለች። የሚለየው፣ ሸንኮራው ሲቃጠል ጥቀርሻው በታጠበ ልብስ ላይ ሲወርድ እዚያ ማንም ልብሱን ለማንሳት አይሮጥም አሉ። ጠዋት ጠዋት በየቤቱ እየዞሩ ለታመመ ይጸልያሉ፣ ከሰዓት ሴቶቹን ያስተምራሉ፣ ሲመሽ ስብከት ነው። መጋቢያችን ሲሰብክ ይጮሃል፤ እሱ በአማርኛ ሲጮህ ሽታዬም በስፓኒሽ አብራው ትጮሃለች። ሕዝቡ ሁለት ጊዜ አሜን ይላል፤ አንዴ ሳይገባው፣ አንዴ ገብቶት። ማስረሻ የኦሮምኛ መዝሙር አስተምሯቸው ሕፃናቱ ሳይቀሩ መንገድ ላይ ይዘምሩት ነበር።

ሽታዬ ያረፈችው ዶኛ ኤውላሊያ በሚባሉ የስድሳ ሰባት ዓመት ባልቴት ቤት ነው፤ ዶኛ ማለት እንደኛው ወይዘሮ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች መሪ ናቸው፤ ግፊት አለባቸው። ሽታዬ በየጠዋቱ ግፊታቸውን ትለካለች፣ እሳቸው የተጠበሰ ሙዝና ባቄላ ያበሏታል፣ ልጄ ይሏታል። በዚህ ምድር የቀረቻቸው ኤልቪራ የምትባል ታናሽ እህታቸው ብቻ ናት። እናታቸው ቀድማ ሞታ ኤልቪራን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ኤልቪራ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ከሚያስኬድ ከተማ ኩላሊቷን ታማ ተኝታ ነበር። ልጇ ቶሎ ብትመጪ ሲላቸው፣ እንግዶቼን ሸኝቼ በነጋታው እመጣለሁ ብለውት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የሴቶቹ ጉባኤ መዝጊያ ደረሰ። ዶኛ ኤውላሊያ በቤተ ክርስቲያኑ ማድቤት ለስልሳ ሰው ያበስላሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልካቸው ጮኸ። እጃቸው ሊጥ ነክቶ ስለነበር አንሺልኝ ልጄ አሏት። ሽታዬ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። የኤልቪራ ልጅ ነው። እናቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ማረፏን፣ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንደሚቀብሯት ነገራት፤ አክስቴን የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ይደርስላታልና ንገሪያት፣ እንጠብቃታለን አለ። ሽታዬ ቃል በቃል ሰማችው። ስፓኒሹ አልከዳትም።

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ዶኛ ኤውላሊያ እንፋሎት ውስጥ ቆመው ከሴቶቹ ጋር ይሳሳቃሉ። ጠዋት የለካችው ግፊት ትዝ አላት። ምሳ አልቀመሱም። አሁን ብነግራቸው እዚሁ እሳቱ ላይ ይወድቃሉ፤ ባይወድቁም ስድስት ሰዓት ሙሉ በማያውቁት ሰው መካከል፣ በአውቶቡስ፣ እያለቀሱ ይሄዳሉ አለች በልቧ። ለቀብሩ ባይደርሱ ለለቅሶው ይደርሳሉ፤ ለቅሶ ሦስት ቀን አይደል? ኩባ አሥር ዓመት ስትኖር አንድ የለቅሶ ቤት ደጅ አልረገጠችም። የዚያን አገር ሰው መዝሙሩንም ቀልዱንም ታውቃለች፤ ሞቱን አታውቅም።

ማን ነው ሲሏት፣ የእህትዎ ልጅ ነው፣ ሰላም ሊልዎት ነው፣ በኋላ ይደውላል አለቻቸው። ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ መጋቢ ቀልቤሳን ለብቻው ጠርታ ነገረችው። እሱም የአርሲ ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል፤ ማታ መርዶ አይነገርም፣ ሲነጋ ፓስተር ኦስካርን ይዘን እንነግራቸዋለን አለ። የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። ያን ቀን ማታ ዶኛ ኤውላሊያ ከፊት ወንበር ቆመው፣ የማስረሻን መዝሙር እያጨበጨቡ ከሁሉም በላይ ዘመሩ። ሽታዬ እራት ራሷ አቀረበችላቸው፣ በደንብ በሉ፣ በጊዜ ተኙ። ሁሉም ነገር እንደ ሥርዓቱ ሄደላት።

ሊነጋጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱም የኦስካርን በር አንኳኩ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ብለው ነው። ይቺን ተረት በዋዜማው ቢያስታውሷት ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባላወራሁ። ኦስካር በነጠላ ጫማ ወጥቶ ሰማቸውና መቼ እንደሰሙ ጠየቀ። ትናንት በስምንት ሰዓት ብትለው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በእኛ ዘንድ ሬሳ ብቻውን አያድርም አላት፤ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥጋ ዘመድ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሲነጋ ይቀበራል፣ ስንብቱ ያ ነው። ይህን ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ሊያመጣ ሮጠ።

ወደ ዶኛ ኤውላሊያ በር ሲቃረቡ መጋቢ ቀልቤሳ ሽታዬን በአማርኛ ለመናት።

«እትዬ ሽታዬ፣ መቼ ሰማችሁ ካሉሽ አሁን ሌሊት ነው በያቸው። ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን አንጨምርባቸው።»

ሽታዬ በሩን አንኳኳች። ዶኛ ኤውላሊያ በሩን ከፍተው አራቱን ሲያዩ ሳይነገራቸው ገባቸው። ኤልቪራ ናት አሉ፤ ቀጥለውም መቼ ብለው ጠየቁ።

«ትናንት ነው» አለች ሽታዬ። «ልጇ የደወለው ለዚያ ነበር። ስልክዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አልጮኹም፣ አልወደቁም። ቦርሳቸውን አንስተው ኦስካር መኪና ውስጥ ገቡ። ሽታዬ ልከተልዎት ስትላቸው በእጃቸው ተይ አሏት። ኦስካር እንደ እብድ ነዳ። ቤተሰቡ አንድ ሰዓት ቀብሩን አዘግይቶ ጠብቋቸው ነበር፤ ሙቀቱ ስለበረታ ከዚያ በላይ አልቻሉም። የደረሱት አፈሩ ከተመለሰ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።

ቡድኑ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ዶኛ ኤውላሊያ ተመለሱ። ሽታዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ» አሏት። «ግን እህቴ ሳጥን ውስጥ ተኝታ እኔ አጨበጨብኩ። ያቺን ማታ ከየት አምጥተሽ ትመልሺልኛለሽ?»

ሽታዬ ይቅር ይበሉኝ አለቻቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ እኔ ግን ገና ነኝ አሏት። በነጋታው ቁርስ አብልተው፣ እንደ ወጉ ስመው ሸኟት።

እሑድ ቡድኑ ምስክርነት ሊሰጥ መድረክ ላይ ወጣ። መጋቢው ስንት ሰው ንስሐ እንደገባ ተናገረ፣ ማስረሻ በስፓኒሽ ዘመረ፣ እልልታው ቀለጠ። ሽታዬ ተራዋ ሲደርስ ማይኩን ይዛ፣ ሰው በድዬ ነው የመጣሁት ብላ የዶኛ ኤውላሊያን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩባት። እንዲህ ያማረ ፕሮግራም ለምን ታበላሸዋለች አልኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶችም ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ ይባባላሉ። ሲያልቅ ጋሽ ጎበና የሚባሉት ሽማግሌ ተነሥተው፣ እህታችን ደግ አድርገሻል፣ ወጋችን ነው፣ እዚያ ያሉት ባይገባቸው ነው እንጂ አንቺ ራስሽን አትውቀሺ አሉ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አሜን ብያለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሽታዬ አለቀሰች። እዚያ ይቅር የሚለኝ አጣሁ፣ እዚህ ደግሞ ጥፋቴን የሚያይልኝ አጣሁ አለችኝ።

ከሰዓት ፎዚያ እንኳን ደህና ገባሽ ልትላት ወተት ይዛ መጣች። ፎዚያ በሌላ በኩል ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ የአሰላ ልጅ፣ ልብስ ነጋዴ። አካም ጅርታ ብላ ስማት ተቀመጠች። ሽታዬ ለመጣ ሰው ሁሉ እንደምትነግረው ለእሷም ነገረቻት። እኔ ፎዚያም እንደ ጋሽ ጎበና ታጽናናታለች ብዬ ስጠብቅ ፎዚያ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ሰብሪናን የወለድኩ ሰሞን እናቴ ስትሞት ስንት ቀን ነበር የደበቃችሁኝ?» አለች።

ሽታዬ ቀለሟ ተለወጠ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አርባ ቀን ነበር። አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል ብለን እስክትነሣ ደበቅናት። በአርባ አንደኛው ቀን ማለዳ በሯ ላይ ሽታዬ ከፊት ቆመች፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

«አሰላ ሁለት ሰዓት አይሞላም» አለች ፎዚያ። «ልጄን ታቅፌ እሄድ ነበር። እናትሽ ሰላም ብላሻለች እያላችሁ ገንፎ አበላችሁኝ፤ እኔም እየሳቅሁ በላሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልማርኳችሁም።»

በዚያን ጊዜ ያልደነገጥኩትን አሁን ደነገጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዒድም ፋሲካም አብረን አሳልፈናል፤ ልጆቻችንን ድረናል፤ አንድ ቀን ፊቷ ላይ አላየሁትም። ሽታዬ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ያዘች። ለወግ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ፣ አስቀረሁሽ አለቻት። እኔም፣ እኔንም አልኩ።

ፎዚያ ይቅር ብያለሁ አላለችም። እንባዋን በሻሿ ጠርጋ፣ በመጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በኋላ ሳታቆም ስለ እናቷ ታወራን ጀመር፤ ቁመቷን፣ አረማመዷን፣ ገበያ ስትወጣ የምታንጎራጉረውን። ጀንበር እስክትጠልቅ አወራችን። ስሟ ኡሙልኸይር እንደነበር ያወቅነው ያን ቀን ነው።